የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ዋም ቡድን ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ደብዳቤዎች

ባለፈው እትም ስለ 1980ዎቹ የውጭ አገር ዘፈኖች ስንመልስ ጆርጅ ማይክልና አንድሩ ሪጅሊ የመሠረቱትን ዋም የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያንን ዐረፍተ ነገር የያዙ በመሆናቸው፣ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የቆየ ክርክር አለን። እሱ በደርግ ጊዜ ከጅቡቲ በባቡር ከሚገቡት ካሴቶች ዘፈን እያስቀዳ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ከእኔ በላይ አዋቂ የለም ባይ ነው። እንደ እሱ አባባል አንድሩ ሪጅሊ ጊታር አንግቶ ከመቆም በቀር ለዋም የፈየደው ነገር የለም፤ ቡድኑ ማለት ጆርጅ ማይክል ብቻ ነው። «ኬርለስ ዊስፐር»ም የዋም ዘፈን አይደለም ይላል፤ እኔ ግን የዋም ስም ባለበት ካሴት ላይ አይቼዋለሁ። ከሁለታችን ትክክለኛው ማን ነው?
— አንባቢ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ሁለተኛውን ጥያቄ እናስቀድም፤ እርስዎም ወንድምዎም እውነት አላችሁና። «ኬርለስ ዊስፐር» በ1984 ክረምት በብሪታንያ ለገበያ ሲቀርብ በጆርጅ ማይክል ስም ብቻ ነበር የታተመው። በአሜሪካ ግን የዋም ስም ቀድሞ የጆርጅ ስም ተከትሎ ወጣ፤ በፌብሩዋሪ 1985 አንደኛ ደረጃን ያዘ፤ ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ መጽሔትም በዓመቱ ማጠቃለያ ከ1985 ዘፈኖች ሁሉ ቀዳሚ አደረገው። «ሜክ ኢት ቢግ» የተሰኘው የቡድኑ ሁለተኛ አልበም የሚዘጋውም በዚሁ ዘፈን ስለሆነ፣ እርስዎ ያዩት ካሴት የዚያ አልበም ቅጂ ሳይሆን አይቀርም።

የወንድምዎን ዋና መከራከሪያ የሚያናጋውም ይኸው ዘፈን ነው። በማንም ስም ይውጣ፣ በደራሲነት የተመዘገቡት ሁለቱም ናቸው። ጆርጅ ዜማው የመጣለት በ17 ዓመቱ ገደማ በአውቶቡስ ሲጓዝ እንደነበር ተናግሯል፤ አንድሩ ደግሞ የጊታሩን ኮርድ አበጅቶለት ዘፈኑን አብረው ጨረሱት። መጀመሪያ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ መስል ሾልስ በተባለች ከተማ፣ ስመ ጥሩው ፕሮዲዩሰር ጄሪ ዌክስለር ቀርጾት ነበር፤ ጆርጅ ግን ውጤቱ ስላልጣመው ለንደን ተመልሶ በራሱ ፕሮዲዩሰርነት እንደ አዲስ ቀረጸው። ዛሬ ዘፈኑን የማያውቅ ሰው እንኳ የሚለየውን ያንን የሳክስፎን መግቢያ ስቲቭ ግሪጎሪ እስኪነፋው ድረስም ብዙ ሳክስፎን ነፊዎች ተሞክረው ተመልሰዋል።

አንድሩ ምን ሠራ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው፣ የአንድ ቡድን ሥራ ግጥምና ዜማ መድረስ ብቻ ስለሚመስለን ነው ብዬ አስባለሁ። ነገሩ የሚጀምረው በ1975፣ ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው ቡሺ፣ ቡሺ ሜድስ በተባለ ትምህርት ቤት ነው። ጆርጅ አዲስ ገቢ ነበር፤ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ሞላ ያለና ዓይን አፋር ልጅ። መምህሩ ይህን ልጅ ማን ያለማምደው ብለው ሲጠይቁ እጁን ያወጣው አንድሩ ነው። አንድሩ በራሱ የሚተማመን፣ አለባበስ የሚያውቅ፣ ሰው ፊት መቆም የማይከብደው ልጅ ነበር። ባንድ እንመሥርት እያለ ጆርጅን የወተወተውም እሱ ነው። በ1979 ዘ ኤክሰኪዩቲቭ የተባለ፣ ስካ የሚባለውን የጃማይካ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ አቋቋሙ፤ ያ ባንድ ብዙም ሳይቆይ ሲፈርስ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ዋም የተወለደው ከዚያ ነው።

በ1982 የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው «ዋም ራፕ» ሥራ ፈትቶ በመንግሥት ድጎማ ስለሚኖር ወጣት የሚያወራ ነበር፤ ሲወጣ ሰሚ አላገኘም። ዕድላቸውን የቀየረው ሁለተኛው፣ «ያንግ ገንስ» ነው። ይህ ዘፈን ገና ከመጀመሪያዎቹ 40 ደረጃዎች ውጭ ሳለ፣ ሊቀርብ የነበረ ሌላ ተጫዋች በመቅረቱ ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ በተባለው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ እንዲወጡ ተጠሩ። ከዚያ ምሽት በኋላ ዘፈኑ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ወጣ፤ «ዋም ራፕ»ም በድጋሚ ታትሞ ስምንተኛ ሆነ፤ «ባድ ቦይስ» ሁለተኛ፣ «ክለብ ትሮፒካና» አራተኛ፣ በጁላይ 1983 የወጣው «ፋንታስቲክ» አልበም ደግሞ አንደኛ ሆነ። ያንን ምሽት በቪዲዮ ያየ ሰው የዋም ሀብት ድምፅ ብቻ እንዳልነበረ ይረዳል፤ ሁለት ጓደኛሞች ከአጃቢዎቻቸው ጋር ሲጨፍሩ የነበራቸው ደስታ ጭምር ነው የተሸጠው። ያ ደስታ በአብዛኛው ከአንድሩ የመጣ ነበር፤ ጆርጅም በጉርምስና ዘመኑ ሊሆን የሚመኘውን ልጅ ከአንድሩ እንደቀዳ ደብቆ አያውቅም።

«ዋም ራፕ»ንና «ክለብ ትሮፒካና»ንም በጋራ ነው የደረሱት። በብሪታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ያደረጋቸው የ1984ቱ «ዌክ ሚ አፕ ቢፎር ዩ ጎ ጎ» በጆርጅ የተደረሰ ቢሆንም፣ ርእሱ የተገኘው አንድሩ ቀስቅሱኝ ብሎ ለወላጆቹ ከተወው ማስታወሻ ነው፤ ሲጽፍ አንዱን ቃል ሳያስበው ደገመው፣ ጆርጅም ወረቀቱን አይቶ ሳቀና ርእስ አደረገው። ይሁንና ወንድምዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። በሁለተኛው አልበም ካሉት ስምንት ዘፈኖች፣ «ኬርለስ ዊስፐር»ና ከአይስሊ ብራዘርስ የተወሰደው አንድ ዘፈን ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ሁሉ የጆርጅ ብቻ ድርሰቶች ናቸው፤ በ1985ም ጆርጅ የዓመቱ ምርጥ የዘፈን ደራሲ ተብሎ የአይቮር ኖቬሎን ሽልማት ተቀብሏል። አንድሩ ጓደኛው በድርሰት እንደሚበልጠው ቀድሞ አውቆ፣ ያለ ቅሬታ ቦታውን ለቀቀለት። በሠርጉ ላይ ሙሽራው ማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም፤ ይህ ሙሽራ ግን ያለ ሚዜው ከቤቱ ደፍሮ የሚወጣ አልነበረም።

ጤና ይስጥልኝ፦ በሐረር መምህር ነኝ። በገና ሰሞን «ላስት ክሪስማስ» በየካፌው ሲዘፈን ተማሪዎቼ ገቢው በ1977 ዓ.ም. ለአገራችን ድርቅ ተሰጥቷል የሚል አንብበው ጠየቁኝ። እውነት ነው ወይስ «ባንድ ኤድ» ከተባለው ዘፈን ጋር ተምታቶባቸው ነው?
— መምህር፣ ከሐረር

መልስ፦ እውነት ነው፤ ቢምታታባቸውም አይፈረድባቸውም፤ ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ ሰሞን ወጥተው ለአንድ ወንበር የተፎካከሩ ናቸውና።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከካሜራ ባለሙያው ከመሐመድ አሚን ጋር ከኮረም ያቀረበው ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ያንን ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር አንድ ዘፈን ደረሰና የዘመኑን ታዋቂ ድምፃውያን ኖቬምበር 25 ቀን 1984 ለንደን በሚገኝ ስቱዲዮ ሰበሰባቸው። ቦኖ፣ ስቲንግ፣ ቦይ ጆርጅ፣ ሳይመን ለ ቦን ነበሩ፤ ከበሮውን ፊል ኮሊንስ መታ፤ ጆርጅ ማይክልም የራሱን ስንኝ ዘፈነ። ባንድ ኤድ ይህ ስብስብ ነው። ዘፈኑ በዲሴምበር መጀመሪያ ወጥቶ አንደኛ ደረጃን ለአምስት ሳምንታት ያዘ። ርእሱ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ መሆኑ፣ ገናን ላሊበላ ላይ ለዘመናት ሲያከብር ለኖረ ሕዝብ ግር የሚል ነገር ነው፤ ግጥሙም ዓባይና አዋሽ ከሚፈሱበት አገር ይልቅ ስለ አንድ ምናባዊ በረሃ የተጻፈ ይመስላል። ቢሆንም ገንዘቡ ተሰብስቧል፣ እርዳታውም ደርሷል፤ የግጥሙን ድክመት ከዚህ ነጥሎ መተቸት ይቻላል።

«ላስት ክሪስማስ» ግን ከዘገባው አስቀድሞ የተሠራ ዘፈን ነው። ጆርጅ አንድ ቀን ከአንድሩ ጋር ወላጆቹ ቤት ሳሉ፣ አንድሩን ቴሌቪዥን ፊት ትቶት ፎቅ ወጣና አዝማቹን ይዞ ወረደ። የተቀረጸው በኦገስት 1984፣ በሞቃት ወራት፣ ስቱዲዮው የገና ጌጣጌጥ ተሰቅሎበት ነው። ድምፁን ብቻ ሳይሆን የከበሮ ማሽኑንም ኪቦርዱንም ቃጭሉንም የተጫወተው ጆርጅ ራሱ ሲሆን፣ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያው ክሪስ ፖርተር ነው። (የከዚራው አንባቢ ታላቅ ወንድም ይህችን አንቀጽ ቆርጠው ቢያስቀምጡ አይጎዱም።) በዲሴምበር ሲወጣ አንደኛውን ቦታ ባንድ ኤድ ይዞታልና ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ጆርጅ የተሸነፈው ራሱ በዘፈነበት ዘፈን ነው። ዋም ደግሞ የዚህን ሸክላ፣ ማለትም የ«ላስት ክሪስማስ»ንና በጀርባው የነበረውን የ«ኤቭሪቲንግ ሺ ዎንትስ»ን የሮያሊቲ ገቢ ለኢትዮጵያ ድርቅ እርዳታ ስለሰጠ፣ አንደኛውም ሁለተኛውም ዘፈን የሰበሰቡት ለአንድ ዓላማ ሆነ።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በዌምብሌይ ስታዲየም በተካሄደው የላይቭ ኤድ ኮንሰርትም ሁለቱ ተገኝተዋል፤ ዋም ግን በራሱ ስም የተለየ ዝግጅት አላቀረበም። ጆርጅ ከኤልተን ጆን ጋር ከኤልተን ዘፈኖች አንዱን ሲዘፍን፣ አንድሩ ከዘፋኟ ከኪኪ ዲ ጎን ቆሞ አጅቧል።

ዘፈኑ በብሪታንያ አንደኛ ደረጃን የያዘው ከወጣ ከ36 ዓመታት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ነው። ፈረንጆቹ ጌጣቸውን ማውረድ ሲጀምሩ እኛ ዘንድ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ ገና ሳምንት አንደኛ ለመሆን ደግሞ እስከ 2023 መጠበቅ ነበረበት፤ በ2024ም ደገመው።

ለአዘጋጁ፦ ጆርጅ ማይክል ግሪካዊ ነው ይባላል። በድሬዳዋ ብዙ ግሪኮች ስለኖሩ አባቴ «የእኛዎቹ ወገን ነው» ይሉናል።
— አንባቢ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ የተወለደው ለንደን፣ በ1963 ነው፤ የወጣለት ስም ጆርጂዮስ ኪርያኮስ ፓናዮቱ ይባላል። አባቱ ከቆጵሮስ የመጡ ግሪክኛ ተናጋሪ የምግብ ቤት ባለቤት፣ እናቱ እንግሊዛዊት ናቸው። የአንድሩ አባት ደግሞ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ወላጅ አባትዎ በግማሽ ልክ ናቸው።

የተከበሩ አዘጋጅ፦ ዋም ቻይና ሄዶ ዘፍኗል የሚባለው እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚያን ጊዜ ሶሻሊስት አገር የምዕራብ ፖፕ ዘፋኝ ይጋብዝ ነበር?
— አንባቢ፣ ከጀጎል፣ ሐረር

መልስ፦ አይጋብዝም ነበር፤ ማናጀራቸው ሳይመን ናፒየር ቤል ያየውም ይህንኑ ነው። ጆርጅና አንድሩ በዓለም ትልቁ ቡድን ባጭር ጊዜ አድርገን ብለውት ስለነበር፣ በአሜሪካ ከከተማ ከተማ ለዓመታት ከመዞር ይልቅ የአሜሪካን ጋዜጦች ሁሉ በአንድ ቀን የሚያስጽፍ ነገር ፈለገ። ወደ ቤጂንግ እየተመላለሰ ባለሥልጣናቱን ምሳ መጋበዝ ጀመረ። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ ኩዊን የተባለው ቡድንም ቻይና መግባት እንደሚፈልግ ሲያውቅ ሁለት ጽሑፎች አዘጋጀ፤ በአንዱ ዋምን ንጹሕና ጨዋ የሆኑ ልጆች አድርጎ፣ በሌላው የኩዊኑን ፍሬዲ መርኩሪን እጅግ በተጋነኑ አቋቋሞች አሳይቶ፣ ምርጫውን ለባለሥልጣናቱ ተወላቸው። ዘዴው ንጹሕ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ሠርቶለታል ግን።

በኤፕሪል 1985 በቤጂንግ የሠራተኞች ጂምናዚየም፣ ከዚያም በጓንግዙ ዘፈኑ። ቻይና ውስጥ በዚህ መልክ የዘፈነ የመጀመሪያው የምዕራብ ፖፕ ቡድን ዋም ነው። ጆርጅ በጭብጨባ ሊያነሣሣቸው ሲሞክር ሕዝቡ ዘፈኑ አልቆ የሚያመሰግን መስሎት ተራ ጭብጨባ መለሰለት፤ ተነሥቶ ሊጨፍር የቃጣውንም ፖሊሶች ያስቀምጡት ነበር። ጉዞውን ሊንድሴይ አንደርሰን የተባለው እውቅ የፊልም ዳይሬክተር ቀርጾታል፤ እሱ ስለ ቻይና፣ ጆርጅ ደግሞ ስለ ዋም የሚያወራ ፊልም ፈልገው ስላልተስማሙ ግን ፊልሙ ከእጁ ወጥቶ እንደገና ተቀናበረ።

እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ የሚገርመው ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያው ዓመት በደርግ ኢትዮጵያ ዋምን ማንም አልጋበዘም፣ ዘፈናቸው ግን ያለ ማናጀርና ያለ ምሳ ግብዣ ገብቷል፤ ድሬዳዋ ላይ ባቡርና ኮንትሮባንድ፣ ካሴት የሚቀዳ ሙዚቃ ቤትም ነበርና።

ለዓምዱ፦ በዝናቸው ጫፍ ላይ ሳሉ የተለያዩት በገንዘብ ተጣልተው ነው ተብሏል። እንዲህ ነው?
— ወጣት አንባቢ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ የገንዘብ ጠብስ ነበረ፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል አልነበረም። በ1982 ጆርጅ ገና የ18፣ አንድሩ የ19 ዓመት ልጆች ሳሉ ኢነርቪዥን ከተባለ አነስተኛ አሳታሚ ጋር የፈረሙት ውል ድርሻቸውን እጅግ ያሳነሰ በመሆኑ፣ ዘፈኖቻቸው በየሬዲዮው እየተሰሙ እነሱ ኪሳቸው ባዶ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 ከውሉ ወጡና ኤፒክ ወደተባለው አሳታሚ ተዛወሩ፤ ታላላቆቹ ዓመታት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጠብ ከማናጀሮቻቸው ጋር ነው። በ1986 መጀመሪያ የማናጀሮቹ ድርጅት፣ በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ከነበረው ሰን ሲቲ መዝናኛ ጋር የባለቤትነት ግንኙነት ላለው ኩባንያ ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ። ጆርጅ በዚህ ተቆጥቶ ከእነሱ ጋር ተለያየ። ብዙዎች ቡድኑ የፈረሰው በዚህ ይመስላቸዋል፤ የመለያየቱ ሐሳብ ግን ከዚያ በፊት የነበረና ሁለቱ የተስማሙበት ነው። ዋም ስለ ወጣትነት የሚዘፍን የወጣቶች ቡድን ነበር። ጆርጅ በ1985 ማብቂያ ላይ የሚደርሳቸው ዘፈኖች ከዚያ ልብስ እየሰፉ፣ ለአዋቂ አድማጭ የሚሆኑ እየሆኑ ሄዱ፤ አንድሩም ጋዜጦች ያለ ፋታ የሚያሳድዱት ሕይወት ሰልችቶት ነበር። «አይም ዩር ማን» በኖቬምበር 1985፣ «ዚ ኤጅ ኦፍ ሄቨን» በጁን 1986 አንደኛ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1978 ዓ.ም. (ጁን 28 ቀን 1986) በዌምብሌይ 72,000 ሰው ፊት ተሰናበቱ። ኤልተን ጆንና ሳይመን ለ ቦን መድረክ ላይ ወጥተው አብረዋቸው ዘፍነዋል። ጆርጅ 23ኛ ዓመቱን ካከበረ ሦስት ቀኑ ነበር፤ አንድሩም የዚያው ዕድሜ ነው። ከመጀመሪያው ሸክላ እስከዚያ ቀን ያለው ጊዜ አራት ዓመት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጆርጅ በ1987 «ፌይዝ» የተባለውን አልበም አወጣ፤ አልበሙም በ1989 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ። አንድሩ ለጊዜው ፎርሙላ 3 የመኪና ውድድር ውስጥ ገባ፤ በ1990 ያወጣው ብቸኛ አልበሙ ገበያ ስላላገኘ ከዘፈን ሥራ ራቀ። ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም፤ በ1991 ጆርጅ በሪዮ ሲዘፍን አንድሩን መድረክ ላይ ጠርቶታል። ጆርጅ በዲሴምበር 25 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። በ2023 ስሙ በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ሲሰፍር ስለ እሱ የተናገረው አንድሩ ነው።

ውድ አዘጋጅ፦ እኔ ከሁለት ዘፈን በላይ አላውቅም። አንድ አልበም ብቻ ልስማ ብል የትኛውን?
— አንባቢ፣ ከሐረር

መልስ፦ «ሜክ ኢት ቢግ»ን አብዛኛው ሰው ይመርጣል፤ እኔ ግን በ1986 የወጣውን «ዘ ፋይናል» የተባለውን ስብስብ እመክርዎታለሁ። ከ«ዋም ራፕ» እስከ «ዚ ኤጅ ኦፍ ሄቨን» ያሉት ታዋቂ ዘፈኖቻቸው አሉበት፤ ጆርጅ ብቻውን የሠራው «ኤ ዲፈረንት ኮርነር»ም ተካትቷል። ሲሰሙት «ባድ ቦይስ»ን ቢዘሉት ብዙ የሚያመልጥዎ ነገር የለም፤ ጆርጅም ራሱ አይወደውም ነበር። «ኤቭሪቲንግ ሺ ዎንትስ»ን ግን ባሱ በደንብ በሚሰማ ድምፅ ማጉያ፣ ሳይቸኩሉ ይስሙት።